ቀኑን ማሽኑ አይገምተው፦ በጎጃም የመረጃ ሥርዓት ለሚያሠሩና ለሚሠሩ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በጎጃም ዞኖች፣ ከተማ አስተዳደሮችና ወረዳዎች ላላችሁ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍሎች

ለ፦ ሲስተም ለምታሠሩ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበራት፣ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች

ለ፦ ኮዱን ለምትጽፉ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ የፕሮግራም ቋንቋ ቨርዥን ሲቀየር የቀን አነባበብ አብሮ ስለሚቀየር አስቀድሞ እንዲታሰብበት ስለማሳሰብ

የቆየ ሲስተም ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር በርክክብ ጊዜ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ ይከፈታል ወይ፣ የይለፍ ቃል ይቀበላል ወይ፣ ሪፖርት ያትማል ወይ። ሦስቱ እሺ ካሉ ይፈረማል። ትናንት በአንድ መንገድ ይነበብ የነበረ ቀን ዛሬም በዚያው መንገድ መነበቡን የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ በጽሑፍ የሚገባ ማንኛውም ቀን ቅርጹ ለፕሮግራሙ ተነግሮ እንጂ በግምት እንዳይነበብ፣ ይህም በጨረታ ሰነድና በርክክብ ቅጽ ላይ ግዴታ ሆኖ እንዲጻፍ። ምክንያቱን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በቅጽ ላይ የተሞላ ቀን ለኮምፒውተሩ ተራ ጽሑፍ ነው። 05/10/2024 አሥር ምልክት እንጂ ቀን አይደለም። ወደ ቀን የሚለውጠው በቋንቋው ውስጥ ያለው የንባብ ክፍል ነው፤ ባለሙያዎች ፓርስ ማድረግ እንለዋለን። ቅርጹ ካልተነገረው ይገምታል። የአሜሪካን ልማድ የያዘው ወሩን አስቀድሞ ሜይ 10 ይላል፤ ቀንን የሚያስቀድመው ኦክቶበር 5 ይላል። የማንኛቸውም ግምት በሚቀጥለው ቨርዥን እንደሚጸና ዋስትና የለም።

ጉዳቱ ስንት ቀን ላይ እንደሚወድቅ ማስላት ይቻላል። በፈረንጅ ዓመት ውስጥ የቀኑ ቁጥር ከ12 የማይበልጥባቸው ቀኖች 12 ጊዜ 12፣ ማለትም 144 ናቸው። ከነዚህ 12ቱ፣ 01/01፣ 02/02 እያሉ የሚሄዱት፣ ቢገለበጡም ያው ናቸው። 132ቱ አንድም የስሕተት መልእክት ሳይታይ ሌላ ቀን ይሆናሉ። የቀሩት 221 ቀኖች 13ኛ ወር ስለሌለ ንባቡ ላይ ይወድቃሉ፤ ተጠቃሚው ደውሎ የሚያማርረው ስለነዚህ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝውውሩ ከወሩ በ3ኛው ቀን ከተደረገ፣ የዕለቱን ቀን የሚመዘግብ ሲስተም እስከ 12ኛው ድረስ ሰላም መስሎ ይሠራና በ13ኛው ቀን መጮህ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሚያየው የ13ኛውን ቀን ስሕተት ነው። እስከዚያ ተገልብጦ የገባውን ማንም አይፈልገውም።

ቨርዥን ሲቀየር ስንል ሩቅ ነገር አይደለም። ኡቡንቱ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም 22.04 ላይ የቆመ ሰርቨር ወደ 24.04 ሲያድግ ፒኤችፒ ከ8.1 ወደ 8.3፣ ፓይተን ከ3.10 ወደ 3.12፣ ነባሪው ጃቫ ከ11 ወደ 21 ይሻገራል። የ22.04 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2027 ስለሚያበቃ ዝውውሩ አይቀሬ ነው። በአንድ ምሽት ሦስት ቋንቋ ይቀየራል፤ ሦስቱም በቀን አነባበብ ላይ የነኩት ነገር አለ።

ከፒኤችፒ እንጀምር፤ በአካባቢያችን ብዙ የቢሮ ሲስተም የተጻፈው በእሱ ነውና። ስትርቱታይም የሚባለው ተግባር የሚገምተው በመለያ ምልክቱ ነው። እዝባር (/) ካየ ወር ይቀድማል፤ ሰረዝ (-) ወይም ነጥብ ካየ ቀን ይቀድማል። 05/10/2024 ሜይ 10 ነው፤ 05-10-2024 ኦክቶበር 5 ነው። ይህ በመመሪያው የሰፈረ ባሕርይ ስለሆነ ይስተካከላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። አንድ ጸሐፊ በእዝባር፣ ሌላው በሰረዝ የሚሞሉበት ቢሮ ውስጥ ቨርዥን ሳይቀየርም መዝገቡ ለሁለት ይከፈላል። ተግባሩ ማንበብ ሲያቅተው ከ5.1 በፊት ከዜሮ በታች 1 ይመልስ ነበር፤ ከ5.1 ወዲህ ፎልስ (ሐሰት የሚል ዋጋ) ይመልሳል። ፎልሱ ሳይፈተሽ ቀን ወደሚያትመው ተግባር ከተላለፈ ዜሮ ሆኖ ይቆጠራል። ዜሮ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጊዜ መቁጠር የሚጀምርበት ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። በመዝገባችሁ ውስጥ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 የተወለደ ሰው ከበዛ ያ ሁሉ ልደት ሳይሆን የከሸፈ ንባብ ነው።

ቅርጹን አስቀድሞ ተቀብሎ የሚያነበው ክሪኤት ፍሮም ፎርማት የተባለው ይሻላል፤ ሆኖም እሱም ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ሰዓት ካልተሰጠው የአሁኑን ሰዓት ይሞላል፤ ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት የተነበበ አንድ ቀን ሲነጻጸር እኩል አይሆንም። ከፎርማቱ ፊት የቃለ አጋኖ ምልክት (!) ሲገባ ሰዓቱ ዜሮ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቢሰጡት አልቀበልም አይልም፤ ወደ ማርች አንሸራትቶ ያነብና ማስጠንቀቂያውን ጌት ላስት ኤረርስ በሚባለው ውስጥ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ነው ቨርዥኑ የሚገባው። እስከ 8.1 ድረስ ይህ ተግባር ምንም ስሕተት ባይኖርም ዝርዝር ይመልስ ነበር። ከ8.2 ጀምሮ ስሕተት ከሌለ ፎልስ ይመልሳል። የማስጠንቀቂያውን ብዛት ከዝርዝሩ በቀጥታ የሚያነብ የቆየ ኮድ አሁን የሚያስቸግረው ትክክለኛ ቀን ሲገባ ነው፤ ማስጠንቀቂያን ወደ ስሕተት የሚቀይር ሲስተም ላይ ደግሞ ገጹ ጨርሶ ይቆማል። ፕሮግራመሩ በድንጋጤ ፍተሻውን ካነሳው የፌብሩዋሪ 30 በር ወለል ብሎ ይከፈታል። ትክክለኛው ጥገና መጀመሪያ ፎልስ መሆኑን ጠይቆ ከዚያ ብዛቱን ማየት ነው።

ፓይተን ላይ ለውጡ በተቃራኒው መንገድ ነው፦ ጠባብ የነበረው ሰፋ። በ3.7 የመጣው ፍሮም አይኤስኦ ፎርማት እስከ 3.10 ድረስ የሚቀበለው ፓይተን ራሱ የሚጽፈውን ቅርጽ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ዜድ የተጻፈበትን፣ ማለትም ሌሎች ሲስተሞች ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ለማለት የሚልኩትን፣ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 የወጣው 3.11 ዜዱን ተቀበለ፤ 20240105 ተብሎ ያለ ሰረዝ የተጻፈውንም ተቀበለ። ላፕቶፑ ላይ 3.12 ያለው ገንቢ የጻፈው ኮድ ሰርቨሩ ላይ ባለው 3.10 ሲወድቅ የሚታየው ስሕተት ግልጽ ስለሆነ ብዙ አያሰጋም። የሚያሰጋው ሌላው ነው። ቀን ካልሆነ ስሕተት ይሰጠኛል ብሎ የደረሰኝ ቁጥርን ከቀን የሚለይ ኮድ ካላችሁ፣ 20240105 የሚል የደረሰኝ ቁጥር ከ3.11 ጀምሮ ጃንዋሪ 5 ሆኖ ይገባል። ስትርፒታይም የተባለውን ተግባር ከተሟላ ፎርማት ጋር ከተጠቀማችሁ ይህ ሁሉ አይነካችሁም፤ ፌብሩዋሪ 30ንም በቀጥታ ይመልሰዋል።

ከኤክሴልና ከሲኤስቪ ፋይል ሪፖርት የምታወጡ ሁሉ ግን ስለ ፓንዳስ ጠንቀቅ በሉ። ቋንቋ ሳይሆን የፓይተን መገልገያ ቢሆንም ከሁሉም የባሰ መዝገብ ሲያምስ የሚታየው እሱ ነው። ከ2.0 በፊት የነበረው ፓንዳስ በአንድ ዓምድ ውስጥ ያሉትን ቀኖች እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ይገምት ነበር። 05/06/2024 ላይ ሲደርስ ወር አስቀድሞ ሜይ 6 ይላል፤ ቀጥሎ 13/06/2024 ሲያይ 13ኛ ወር ስለሌለ ጁን 13 ይላል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ሕግ፤ ስሕተት ግን የለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የወጣው 2.0 ቅርጹን ከመጀመሪያው ዋጋ ገምቶ በሁሉም ላይ ይጭናል። መጀመሪያ የተሞላው ረድፍ 13/06/2024 ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ቀን እንደሚቀድም ገብቶት ዓምዱን በሙሉ በትክክል ያነባል። መጀመሪያ ያለው 05/06/2024 ከሆነ ወር ይቀድማል ብሎ ይይዝና 13/06 ላይ ሲደርስ በስሕተት ይቆማል። እንግዲህ አንድ ፋይል በስም ቅደም ተከተል ሲደረደርና በቁጥር ቅደም ተከተል ሲደረደር ውጤቱ ሊለያይ ነው። ከሁሉም የከፋው ስሕተቱን ዝም ለማሰኘት ኤረርስ ኮኧርስ የተባለውን አማራጭ መጨመር ነው፤ ያን ጊዜ ያልተስማሙት ረድፎች ባዶ ይሆናሉ፣ የተስማሙት ደግሞ ተገልብጠው ይቀራሉ። ሪፖርቱ ላይ የሚታየው የቁጥር መቀነስ ብቻ ነው፤ ክትባት የወሰዱ ሕፃናት ወይም ማዳበሪያ የወሰዱ አባላት ያነሱ ይመስላል። ሚክስድ የሚለውንም አማራጭ አንመክርም፤ የድሮውን ግምት በአዲስ ስም መመለስ ነው። ፎርማቱን ጻፉለት፤ አለቀ።

ጃቫ ላይ ቁጥር ብቻ የያዘ ቀን በቨርዥን ለውጥ እምብዛም አይናጋም። የሚናጋው ስም ያለበት ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ የወርና የቀን ስሞች የሚመጡት ሲኤልዲአር ከተባለው ዓለም አቀፍ የቋንቋዎች መረጃ ነው፤ መረጃው በየጊዜው ስለሚታደስ ስሞቹም ይቀየራሉ። በጃቫ 16 የብሪታንያ እንግሊዝኛ የሴፕቴምበር ምኅጻር ከሦስት ፊደል ወደ አራት ፊደል አደገ፤ በጃቫ 20 በሰዓትና ከእሱ በኋላ በሚመጣው የጠዋት ወይም የከሰዓት ምልክት መካከል የነበረው ተራ ክፍት ቦታ በዓይን የማይለይ ሌላ የጠባብ ክፍት ቦታ ምልክት ሆነ። ከ11 ወደ 21 የሚሻገር ሰርቨር ሁለቱንም በአንድ ዝላይ ያገኛቸዋል። መድኃኒቱ ስም ያለበትን ቀን ከፋይል አለማንበብ ነው። ለአማርኛ ደግሞ ይህ ከሁሉም በላይ ይሠራል፤ ጸሐፊው ታኅሣሥን ታህሳስ፣ ኅዳርን ህዳር፣ ጳጉሜንን ጳጉሜ ብሎ ሊጽፍ መብቱ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሁሉም የተለያዩ ናቸው። ወር ከዝርዝር ይመረጥ፤ የሚቀመጠውም ቁጥሩ ይሁን።

ሩቢን የምናነሳው ለታሪክ ያህል ነው፤ የቨርዥን ለውጥ ቀን ሲገለብጥ እንደ እሱ ግልጽ ምሳሌ የለም። በ1.8 ዴት ፓርስ 05/10/2010ን ሜይ 10 ይለው ነበር፤ ከ1.9 ጀምሮ ያው ኮድ ኦክቶበር 5 አለው። 12/25/2010 በ1.8 የፈረንጅ ገና ሲሆን በ1.9 የተሳሳተ ቀን ነው።

እስካሁን ያልነው ስለ ሰርቨሩ ነው። አሳሹ ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕት የሚያጣላው የሰዓት ቀጠና ነው። ቀኑ በአይኤስኦ 8601 ደንብ፣ ዓመት-ወር-ቀን ተብሎ፣ 2024-01-05 ሆኖ ቢጻፍ እንኳ የየት አገር ሰዓት ነው ለሚለው ጥያቄ የጃቫስክሪፕት የራሱ ደንብ፣ ኢክማስክሪፕት የሚባለው፣ ሦስት መልስ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. የ2009ኙ 5ኛ እትም ቀጠና ካልተጻፈ ዩቲሲ ነው አለ። የ2015ቱ 6ኛ እትም የአካባቢ ሰዓት ነው አለ። የ2016ቱ ለሁለት ከፈለው፤ ቀን ብቻ ከሆነ ዩቲሲ፣ ሰዓት ከታከለበት የአካባቢ ሰዓት። አሳሾቹ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስላልተከተሉ የቆየ ስልክና አዲስ ስልክ ለአንድ ጽሑፍ የ3 ሰዓት ልዩነት ያለው መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። 2024-1-5 ተብሎ ያለ ዜሮ ከተጻፈ ደግሞ ከደንቡ ስለሚወጣ እያንዳንዱ አሳሽ የመሰለውን ያደርጋል።

ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በበጋና በክረምትም አትቀያይርም። ስለዚህ አሜሪካ ያሉ ገንቢዎች የሚያማርሩበት፣ ቀኑ ሲነበብ ወደ ኋላ መሄዱ፣ እኛን አያገኘንም። የዩቲሲ እኩለ ሌሊት ለደብረ ማርቆስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ቀኑ ያው ነው። እኛን የሚያገኘን ሲጻፍ ነው። ተጠቃሚው ጃንዋሪ 5ን ከካላንደር መርጦ ቀኑ በአካባቢ ሰዓት እኩለ ሌሊት ተብሎ ከተያዘ፣ ቱ አይኤስኦ ስትሪንግ ሲባል የሚወጣው ጃንዋሪ 4 ቀን 21፡00 ዩቲሲ ነው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 10 ምልክቶች ቆርጦ የሚያስቀምጥ ኮድ፣ በየፕሮጀክቱ የሚገለበጥ ኮድ ነው፣ ጃንዋሪ 4ን ያስቀምጣል። የውጭ መማሪያዎች በአብዛኛው የሚያስጠነቅቁት ስለ ንባቡ ስለሆነ ይህኛው ሲያመልጥ ይኖራል። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በአካባቢ ሰዓት ለየብቻ አውጥቶ (ወሩ ከዜሮ ስለሚጀምር 1 ተጨምሮበት) መገጣጠም ይበቃል።

ወደ ራሳችን አቆጣጠር እንምጣ፤ ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ በእጥፍ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሲስተም የኢትዮጵያን ቀን ለፈረንጅ የቀን ዓይነት አስጨንቆ ያስገባል። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን እንውሰድ፤ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ጸሐፊው 06/13/2015 ብሎ ሲሞላ የፒኤችፒው ስትርቱታይም፣ ፓንዳስና የአሳሹ ጃቫስክሪፕት በደስታ ጁን 13 ቀን 2015 ይሉታል። በሰረዝ 06-13-2015 ከተባለ ፒኤችፒው ይከሽፍና ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ላይ ያርፋል። የድሮው የጃቫ ሲምፕል ዴት ፎርማት ቀን፣ ወር፣ ዓመት ተብሎ ቢነገረውም ነባሪው ልል ስለሆነ 13ኛውን ወር ወደሚቀጥለው ዓመት አሻግሮ ጃንዋሪ 6 ቀን 2016 ያደርገዋል። ሐቀኞቹ አልችልም ብለው የሚመልሱት የፓይተኑ ስትርፒታይምና በጃቫ 8 የመጣው ጃቫ ታይም ናቸው።

ጥቅምት 30 ቀን 2016 ደግሞ ከጳጉሜም ይበልጥ ያደክማል፤ ጥቅምት 2ኛ ወር ስለሆነ 30/02/2016 ተብሎ ይጻፋል። ሲምፕል ዴት ፎርማት ማርች 1 ይለዋል። ጃቫ ታይም በነባሪ ሁኔታው፣ ስማርት በሚባለው፣ ወደ ወሩ መጨረሻ ጎትቶ ፌብሩዋሪ 29 ይለዋል። ስትሪክት ከተደረገ ይመልሰዋል፤ ግን ስትሪክት ስታደርጉ ዓመቱን በዋይ ሳይሆን በዩ ፊደል ጻፉት፣ በዋይ ከሆነ ዘመኑንም ካልነገራችሁኝ ብሎ ትክክለኛውን ቀን ጭምር ይመልሳል። አንዱን ኮድ ከድሮው ወደ አዲሱ የጃቫ መሣሪያ ያዛወረ ሰው ጥቅምት 30 የተመዘገበውን ሁሉ በአንድ ቀን አንቀሳቅሶታል፤ አንድም ስሕተት ሳይታይ።

የወርና የቀን መገለባበጡም በእኛ አቆጣጠር ውስጥ አለ። 05/06/2016 የካቲት 5 ነው፤ ሲገለበጥ ጥር 6 ይሆናል። በብድር መመለሻ ላይ 29 ቀን ነው፤ ወለድና ቅጣት ይታሰብበታል። በልደት ቀን ላይ ከሆነ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ለሚሰጠው ክትባት የሚላከው ማስታወሻ ጊዜውን ይስታል። ደግሞም እኛ ዘንድ 13 ራሱ ወር ነው፤ ከ12 ከበለጠ ቀን መሆን አለበት የሚለው የፈረንጆቹ ብልሃት አይሠራም። 01/13 እና 13/01፣ ጳጉሜ 1 እና መስከረም 13፣ ሁለቱም ያሉ ቀኖች ናቸው።

ስለዚህ የኢትዮጵያን ቀን በሦስት ዓምድ፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ በቁጥር አስቀምጡ። ጸሐፊው የሞላው እሱ ነው፤ ዋናው ማስረጃ እሱ ሆኖ ይቆይ። የፈረንጁ ቀን ከጎኑ በስሌት ይገኝ። ፍተሻው አጭር ነው፦ ወር ከ1 እስከ 13፤ ቀን ከ1 እስከ 30፤ ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ፣ ማለትም ዘመነ ሉቃስ ከሆነ፣ እስከ 6 ይሄዳል።

ስሌቱም መገልገያ የሚያስፈልግ አይደለም። 1724220 + 365 × (ዓመት − 1) + ዓመት ለ4 ተካፍሎ ትርፉ የተጣለ + 30 × (ወር − 1) + ቀን፤ ይህ ቀኖችን በተከታታይ የሚቆጥረው የጁልያን ቀን ቁጥር ነው። ከእሱ 2440588 ሲቀነስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለፉት ቀኖች ይወጣሉ፤ ይህን ቁጥር ሁሉም ቋንቋ ወደ ፈረንጅ ቀን ይለውጠዋል። በጽሑፍ የሚገመት ነገር ስለሌለ ቨርዥንም አይነካውም። ለጳጉሜ 6 ቀን 2015 የሚወጣው 2460199 ነው፤ ሲቀነስ 19611፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023።

በፍተሻ ጊዜ እነዚህን ስጡት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መሆን አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ኖቬምበር 10 ቀን 2023። ጳጉሜ 6 ቀን 2016 መመለስ አለበት፤ ዘመኑ ዮሐንስ ነውና። የካቲት 23 ቀን 1888፣ የዓድዋ ድል ዕለት፣ ማርች 1 ቀን 1896 ካልሆነ ፕሮግራመሩ የአሁኑን ክፍለ ዘመን ልዩነት ቋሚ አድርጎ ጽፎታል ማለት ነው። ሰንጠረዡን ማስፋት የሚፈልግ ቢሮ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ መምህራን አሉ፣ ዘመኑንና ጳጉሜውን አይተው ያርሙታል።

ሰዓትን በአጭሩ፦ ከጠዋቱ 2፡30 ለማሽኑ 08፡30 ነው፤ ስድስት ሰዓት ይጨመራል። የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። በጤና ጣቢያ መዝገብ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተባለ ወሊድ ለማሽኑ ረቡዕ 02፡00 ነው። ቅጹ ላይ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚል ምርጫ ይኑር፤ ሌሊት ሲመረጥ የትኛው ዕለት አጥቢያ እንደሆነ ይጠየቅ። ሰዓት የማያስፈልገው ነገር፣ ለምሳሌ የልደት ቀን፣ ጭራሽ ሰዓት አይያዝለት።

ዝውውር ስታስቡ እንዲህ አድርጉ። ኮዱ ውስጥ ቀን የሚነበብበትን ቦታ ሁሉ በፍለጋ አውጡ፤ ፎርማት ያልተሰጠው እያንዳንዱ ቦታ ይስተካከል። ከዳታቤዙና ከሚገቡት ፋይሎች የቀን ዓምዶችን እንደተጻፉ፣ በጽሑፍነታቸው፣ ወደ አንድ ፋይል አውጡ። ያንን ፋይል በአሮጌው ቨርዥን አንብባችሁ ውጤቱን አስቀምጡ፤ በአዲሱም አንብባችሁ አስቀምጡ፤ ሁለቱን መስመር በመስመር አነጻጽሩ። አንድ መስመር እንኳ ከተለያየ ዝውውሩ ይቆይ። ሁለቱ መስማማታቸው ደግሞ ትክክል ናቸው ማለት አይደለም፤ አብረው ሊሳሳቱ ስለሚችሉ ከላይ የሰጠነው የቀን ዝርዝር የግድ ይታከል። ዝውውሩ ካለፈ በኋላ የቋንቋውና የመገልገያዎቹ ቨርዥን በፋይል ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በራሱ እንዲታደስ አይተው።

ጉዳቱ ከደረሰም በኋላ ሁሉንም ረድፍ በአንድ ትእዛዝ መልሶ መገልበጥ አይሞከር፤ ከዝውውሩ በፊት የገባው ትክክል ስለሆነ እሱን ታበላሹታላችሁ። መጀመሪያ ዝውውሩ የተደረገበትን ትክክለኛ ሰዓት ከሰርቨሩ የፓኬጅ መዝገብ አውጡ። ከዚያ በኋላ ከገቡት ውስጥ ቀኑም ወሩም ከ12 የማይበልጡትን ብቻ ለዩ። ረድፉ የተፈጠረበት ሰዓት በዳታቤዙ ካለ፣ የዕለት ሥራ የሆነ ነገር፣ እንደ ክፍያ፣ እንደ እህል ርክክብ፣ ከዚያ ሰዓት ብዙ መራቅ የለበትም፤ ሲገለበጥ የሚቀርብ ከሆነ ያ ረድፍ ተገልብጦ ነበር። የልደት ቀንና የውል ቀን ይህ ማረጋገጫ የላቸውም። ለእነሱ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ግድ ነው፤ ዲጂታል ሆነናል ተብሎ በቀበሌና በወረዳ ያለው የወረቀት መዝገብ እንዳይወገድ የምንለምነውም ለዚህ ነው። ማስተካከያው በአዲስ ዓምድ ይጻፍ፤ የቀድሞው ዋጋ አይጥፋ።

በጨረታ ሰነዱ ላይ እንዲገባ የምንጠይቀው ቃል ይኸው ነው፤ እንዳለ መገልበጥ ይቻላል፦ «ሲስተሙ በጽሑፍ የሚገባን ቀን በተወሰነ ፎርማት ብቻ ያነብባል፤ ከፎርማቱ የወጣውን ወይም የሌለ ቀንን ለተጠቃሚው ይመልሳል እንጂ በራሱ አያስተካክልም። የኢትዮጵያ ቀን በዓመት፣ በወርና በቀን ተለይቶ በቁጥር ይቀመጣል። አቅራቢው ጳጉሜ 5 እና 6ን፣ ጥቅምት 30ን፣ እንዲሁም ቀኑና ወሩ ከ12 የማይበልጡ ቀኖችን ያካተተ የፍተሻ ውጤት በርክክብ ጊዜና ከእያንዳንዱ የቨርዥን ለውጥ በኋላ ያቀርባል።» ተቀባዩ ክፍል ፍተሻውን በራሱ እጅ፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይሥራው፤ አቅራቢው ባመጣው ላፕቶፕ ላይ የታየ ውጤት ስለ ሰርቨሩ የሚናገረው ነገር የለም።

ከሰላምታ ጋር

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም በሶፍትዌር ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች